የጾመው ድስት

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር ነበር፤ የላም በረት ብትሉኝ ግን ውሸት ይሆንብኛል፣ በዚህ ቤት ላም የለችም። ያለችው አንዲት ዶሮ ናት። እሷ ደግሞ ጾም አታውቅም፣ በሁዳዴ መሃል ትጥላለች። እንቁላሉ ለፋሲካ ገበያ በቅርጫት ይጠራቀማል።

የቤቱ እመቤት አንጓች ትባላለች። ገና መራመድ ያልጀመረ ማስረሻ የሚባል ልጅ አላት። ስሙን ያገኘው ታላቅ ወንድሙ ይታየው ካቻምና በሁዳዴ ስለሞተ ነው። አባቱ ከተማ በሄደ ቁጥር ብስኩት ይዞ ይመጣል፤ "የከተማ ልጅ የሚያድገው በዚህ ነው፣ ጾምም አያስገድፍ" ይላል። ማስረሻም ብስኩቱ በሻይ እየራሰለት ከረመና ፊቱ ሞላ፣ እግሩ ደነደነ። አማቷ እማማ ጥሩዬ "እሰይ፣ ወፈረልኝ!" አሉ። አንጓች ግን ፈራች። ይታየውም ከመሞቱ በፊት እንዲሁ ወፍሮ ነበር።

የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ሃገሬ መጣችና የልጁን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

"አንጓች፣ ይሄ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው። ሰውነቱ ምግብ አጥቷል። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ይዘነው እንሄዳለን፤ ዛሬ ግን አንድ እንቁላል ቀቅለሽ አቅምሺው።"

"እሺ" አለች አንጓች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ሃገሬም ወደ ሌላ ቤት ሄደች።

አንጓች ልጇን አዝላ ከቅርጫቱ አንድ እንቁላል አነሳች። "እንቁላል ሆይ፣ ልጄ ተርቧልና ብሰልልኝ።"

"እኔ ምን ገዶኝ" አለ እንቁላሉ። "ድስት ካልያዘኝ ግን አልበስልም።"

ወደ ድስቱ ዞረች። "ድስት ሆይ፣ እንቁላሉን ያዝልኝ። እንቁላሉ ድስት ካልያዘኝ አልበስልም አለ፣ ልጄም ተርቧል።"

ድስቱ ተቆጣ። "እኔ በአመድ ታሽቼ ለጾም የተለየሁ ነኝ! እንቁላል ይዤ ነገ የማንን ሽሮ ላስገድፍ? ብቻዬንማ አልገድፍም፤ ምድጃው ካልነደደልኝ አልይዝም።" ድስት እንዲህ ከጾመ ባለቤቱ ገነት መግባቷ አይቀርም።

ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። "ምድጃ ሆይ፣ ንደድልኝ። ድስቱ ምድጃው ካልነደደልኝ አልይዝም አለ፤ እንቁላሉ ድስት ካልያዘኝ አልበስልም አለ፤ ልጄም ተርቧል።"

"የዚህ ቤት እሳት የእማማ ጥሩዬ ነው" አለ ምድጃው። "እማማ ካልፈቀዱ አልነድም።" ማስረሻ ጀርባዋ ላይ ያለቅሳል።

"እማማ፣ ይፍቀዱልኝ" አለች። "ምድጃው እማማ ካልፈቀዱ አልነድም አለ፤ ድስቱ ምድጃው ካልነደደልኝ አልይዝም አለ፤ እንቁላሉ ድስት ካልያዘኝ አልበስልም አለ፤ ልጄም ተርቧል።"

አሮጊቷ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "የልጅ ልጄን ጠልቼ ይመስልሻል? ግን ቅርፊቱን የት እንጥለዋለን? ደብሪቱ አመዱ ላይ ካየችው በሁዳዴ ገደፉ ብላ አገር ታዳርሳለች። የጎረቤት አፍ ካልተከደነ አልፈቅድም።"

አንጓች አጥር ተሻግራ ሄደች። ማስረሻ ማልቀሱን ትቶ ያቃስት ጀመር።

"እትዬ ደብሪቱ፣ አፍዎን ይክደኑልኝ። እማማ የጎረቤት አፍ ካልተከደነ አልፈቅድም አሉ፤ ምድጃው እማማ ካልፈቀዱ አልነድም አለ፤ ድስቱ ምድጃው ካልነደደልኝ አልይዝም አለ፤ እንቁላሉ ድስት ካልያዘኝ አልበስልም አለ፤ ልጄም ተርቧል።"

"እኔ ምን አፍ አለኝ ብለሽ ነው? ሃይማኖት ነው የሚናገረው!" አለች ደብሪቱ። "ቄሱ ካላሉ አልከድንም።"

አንጓች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠች። ማስረሻ ማቃሰቱንም ተወ። ድምፁ የማይሰማ ልጅ ያዘለች እናት እንዴት እንደምትሮጥ እኔ አልናገርም። መምሬ አስቻለው ከቅዳሴ በፊት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር።

"አባቴ፣ ይናገሩልኝ!" አለች። "ደብሪቱ ቄሱ ካላሉ አፌን አልከድንም አለች፤ እማማ የጎረቤት አፍ ካልተከደነ አልፈቅድም አሉ፤ ምድጃው እማማ ካልፈቀዱ አልነድም አለ፤ ድስቱ ምድጃው ካልነደደልኝ አልይዝም አለ፤ እንቁላሉ ድስት ካልያዘኝ አልበስልም አለ፤ ልጄም..."

ቄሱ ደንግጠው ተነሡ። "ሕፃን ምን ጾም አለበት? ድስትስ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጾመው? ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?"

"ማንም አላለንም አባቴ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

"እርስዎስ ለምን አልነገሩንም?"

እሳቸውም መስቀላቸውን ይዘው ከኋላዋ ተከተሏት። ቄሱ ተናገሩ፤ ደብሪቱ አፏን ከደነች፤ እማማ ፈቀዱ፤ ምድጃው ነደደ፤ ድስቱ ያዘ፤ እንቁላሉ በሰለ። አንድ እፍኝ ጭራሮ እንኳ አልፈጀም።

አንጓች አስኳሉን በውሃ አላልታ የማስረሻን ከንፈር ነካችው። አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ነካችው። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ምላሱ ወጣችና ላሰች፤ ከዚያም ዋጠ። እማማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የአንጓችን ፊት ሲያዩ ዘጉት።

"አባቴ" አለች ቀና ሳትል፣ "ካቻምናም ሕጉ ይኸው ነበር?"

ይታየውን በጸሎተ ፍትሐት የፈቱት፣ መቃብሩ ድረስም የሸኙት እሳቸው ነበሩ። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። "ከጥንትም ይኸው ነው፣ ልጄ።"

አንጓች ልጇን አብልታ ስትጨርስ ቅርፊቱን ይዛ ወጣችና ደብሪቱም መንገደኛውም እንዲያየው አመዱ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። በጠዋትም ማስረሻን አዝላ ከሃገሬ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ተረቴን መልሱ። የእኔን አፍ በዳቦ ማበሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ የልጆቻችሁን አፍ እዩ።