ሰማዩ ጥርት ብሏል

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ ዛሬ የላም በረቱን ተዉትና ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ሽኮኮዎች በሚኖሩበት ገደል አንዲት አሮጊት ሽኮኮ በየማለዳው ቋጥኝ ላይ ወጥታ ሰማዩን ታይ ነበር። ንስር ከሌለ «እንደምን አደራችሁ! ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውጡ» ትላለች። ካለ ትጮኻለች። አንዳንድ ቀን ግን አይታ እስክትጨርስ ይረፍዳል።

ሽኮኮዎቹ ሣሩን ጤዛው ሳይረግፍ መጋጥ ይወዳሉና መዘግየቷ አንገሸገሻቸው። ድምፀ መረዋ በቀቀን አመጡና የእሷን ቃል አስጠኑት።

«ሰማዩንስ ማን ያይላችኋል?» አለች አሮጊቷ።

«እሱ አያረፍድም፤ ድምፁም ካንቺ ይጥማል» አላት አለቃቸው።

አንድ ማለዳ ንስሩ መጣ። አሮጊቷ ሮጣ ወጥታ ብትጮኽም የበቀቀኑ «ጥርት ብሏል» ጩኸቷን ዋጠው፤ መጀመሪያ የተወሰደችው እሷ ሆነች። ከዚያ የአለቃው ልጆች ተወሰዱ። የቀሩት «ነገ ሌላ ቃል እናስጠናዋለን» እየተባባሉ ያድራሉ፤ ሲነጋ ያ ጣፋጭ ድምፅ ሲጠራቸው ይወጣሉ።

ዛሬም በቀቀኑ ሰዓቱን ሳያዛንፍ «እንደምን አደራችሁ!» ይላል። ከጎሬዎቹ የሚመልስለት የለም። ንስሩ ብቻ መንቁሩን በቋጥኙ እየጠረገ «እግዜር ይመስገን» ይለዋል።