አባቱ ያቆመበት ቦታ

«አንድ ሰው ነበረ። ሸማኔ ነበረ፤ አባቱም ሸማኔ ነበረ።»

እትዬ የሺመቤት ወሬውን የጀመሩት እንዲህ ነው። ያስጀመራቸው የጎረቤታቸው ልጅ የአስካለ ጥያቄ ነበር። አስካለ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል። በሦስት ቀለም እስክሪብቶ የጥናት ፕሮግራም ጽፋ ከአልጋዋ በላይ ለጠፈች፤ ሦስት ቀን በማለዳ እየተነሳች ዓይኗ እስኪቀላ አጠናች። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ጣላት። በአምስተኛው ቀን በራሷ ተናዳ ደብተሯን ሳትከፍት ዋለች፤ ሳምንት ሳይሞላ ወረቀቱን ቀደደችው። እንዲህ ስታደርግ አራተኛ ጊዜዋ ነው። እትዬ የሺመቤት አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሯት አስተማሪዋ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ደጃፋቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘቻቸውና አንገቷን ደፍታ፣ «ሌላው ሰው የጀመረውን ይጨርሳል፤ እኔ ለምንድን ነው የማልችለው?» አለቻቸው። እሳቸው ከጎናቸው አስቀመጧት፤ ጎመኑንም ወደ እሷ ገፋ አድርገው እንድታግዛቸው አደረጉ። ከዚያ ቀጠሉ።

ያ ሸማኔ ልጅ ሳለ ከእንቅልፉ የሚነቃው በአባቱ ሥራ ድምፅ ነበር። አባቱ ጠዋት ጸሎቱን አድርሶ፣ እግሩን ከሸማ ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ይቀመጣል። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል፤ ማጉን የሚያጠጋው እንጨት ጧ፣ ጧ ይላል። ልጁ ጥግ ላይ በተከመረው ባዘቶ ውስጥ ራሱን ቀብሮ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ያዳምጣል። በበሩ በሚገባው ብርሃን ላይ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል። እናቱ ደፉ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሽከረክራለች። ካደገ በኋላ ልጅነቱን ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት ያ ድምፅ ነበር። አንዱ ጧ ከሌላው አይፈጥንም፤ አይዘገይም።

አባቱ አንድ ልማድ ነበረው። ግድግዳው ላይ ሁለት ክንድ የሚሆን የወይራ በትር ተደግፎ ይቆማል። የዕለቱ ሥራ ከበትሩ ጋር ሲተካከል፣ ቀኑ ገና ቢሆንም፣ መወርወሪያውን አስቀምጦ ይነሳል። በዓል ደርሶ የሠርግ ልብስ ያዘዙ ሰዎች ደጅ ቢቆሙም ይነሳል። ከበትሩ አያሳልፍም። ወገቡን ያመመው ቀን ደግሞ አይቀርም፤ እያቃሰተ ወርዶ ይቀመጥና አራት ጣት ያህል ሠርቶ፣ «የዛሬው በትሬ ይህን ያህል ናት» ብሎ ይነሳል።

ባልንጀራው የሆነ ሌላ ሸማኔ በዚህ ልማዱ ሲስቅበት ኖሯል። በበሩ ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና፣ «አንተ ሰው፣ ፀሐይዋ ገና እዚያ ነች። ልጅ ልታጠባ ነው የምትነሳው?» ይለዋል።

አባትየው እጁን እያሻሸ፣ «ነገም ይሄን እጅ እፈልገዋለሁ» ይላል። ሌላ መልስ አልነበረውም።

ልጁ አደገ፤ ሙያውን ተማረ። እጁ ከአባቱ ይልቅ ፈጣን ሆነ። ልቡ የሞቀ ቀን ስድስት ክንድ ሸምኖ ይነሳና ለሰፈሩ ያወራል። በማግስቱ ትከሻው ስለሚዝል ጠላ ቤት ይውላል። በሦስተኛው ቀን ይጸጸታል፤ በአራተኛው ቀን በንዴት ገብቶ ደግሞ ስድስት ክንድ ይሠራል። የአባቱን በትር የሽማግሌ ነገር አድርጎ ነበር የሚያየው። የሠራውን ልብስ ሩቅ አገር የሚወስዱ ነጋዴዎች ስለሚገዙት፣ ተመልሶ መጥቶ ልብስህ እንዲህ ሆነ የሚለው ሰው አልነበረም።

እናቱ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላ ሰው ልብስ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። «የሸማኔ ሚስት ተብዬ ጋቢዬ የተጣፈ ነው» እያለች ባሏን ትነዘንዘው ነበር። በመጨረሻ ሁለት ክረምት ሙሉ ለራሷ ፈተለች። ፈትሏ ቀጭን፣ አንጓ የሌለው ነበር። ያ ፈትል እንዳለቀ ዓይኗ ፈዘዘ፤ ከዚያ ወዲህ እንዝርት ይዛ አታውቅም። አባትየው የሚስቱን ድር ዘርግቶ፣ በዕድሜው የመጀመሪያውን የእሷን ጋቢ ጀመረ። እኩሌታው ላይ ደረሰ። አንድ ማክሰኞ የዕለቱን ሁለት ክንድ ጨርሶ ተነሳ፤ እጁን ታጥቦ ራቱን በላ፤ ረቡዕ ጠዋት ሞቶ አገኙት።

ልጁ ብዙ ወር ያን ሥራ ማየት አልቻለም። አቧራ እንዳይነካው ነጠላ ጥሎበት ዞር አለ፤ የራሱን ሥራ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ጥግ ይሠራ ጀመር። የአባቱ ሙት ዓመት ሲቃረብ እናቱ አንድ ቀን፣ በዚያ ዕለት ሰው ፊት የምቀርበው አባትህ የጀመረውን ጋቢ ለብሼ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር አለችው። ጠይቃው የማታውቅ ሴት ስለሆነች ነገሩ ልቡን ነካው። ወዲያው ነጠላውን ገልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና እያለቀሰ አምስት ክንድ ሸመነ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ አልነካውም። ቀጥሎ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ መጣና በቁጣ አራት ክንድ ሠራ። እንደገና ሰነበተ። ሙት ዓመቱ ሰባት ቀን ሲቀረው ደነገጠና የቀረውን ሁሉ በአንድ ቀን አወረደው።

በማግስቱ ጠዋት ድሩን መቁረጥ ብቻ ሲቀረው፣ ምላጩን እንደያዘ እናቱን ጠራት። የተጠቀለለውን ፈቶ ጭኗ ላይ ዘረጋላት። እሷም ዓይኗ ስለማያይላት መዳፏን ከጫፉ ጀምራ በልብሱ ላይ ታስኬድ ጀመር። እጇ እንደ ውኃ ሄደ፣ ሄደ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ መለስ አደረገችው፤ እንደገና እዚያው ቆመ።

«እዚህ ጋ አባትህ ሞተ» አለች።

እጇ ቀጠለ። «እዚህ እያለቀስክ ነበር፤ ማጉን አላጠጋኸውም። እዚህ ደግሞ ተናድደሃል፤ ሳንቃ አድርገኸዋል። እዚህ» አለችና ፈገግ አለች፤ «እዚህስ እጅህ እንጂ ልብህ እቤት አልነበረም።»

ከዚያ ልብሱን እየጠቀለለች፣ ግድ የለም፣ ይሞቀኛል፣ ቁረጠው አለችው። ከልቧ ነበር፤ ነቀፋ አልነበረበትም። እሱን ያቃጠለውም ይኸው ነው። በዓመት ውስጥ የነበረበትን ስንፍናና ግልፍታ ሁሉ አንዲት ዓይኗ የፈዘዘ ሴት በመዳፏ አነበበችው፤ አንብባም ልትለብሰው ነው። ደግሞ ይህ ፈትል ከተበላሸ ሌላ የለም። ከእንግዲህ የምትፈትል እናት የለችውም።

ቀና ሲል የወይራውን በትር አየ። አባቱ እንዳስደገፈው ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሟል፤ ሸረሪት አድርቶበታል። ምላጩን አስቀመጠና የማጉን ጫፍ ፈልጎ መፍታት ጀመረ። በስድስት ቀን ውስጥ እንደገና ሊደርስ እንደማይችል ያውቅ ነበር። ቢሆንም ፈታው። ቀጭን ክር ነውና በችኮላ ሲጎትቱት ይበጠሳል፤ ስለዚህ በዝግታ፣ አንድ አንዱን ረድፍ እየመለሰ፣ አራት ቀን ፈጀበት። አባቱ ያቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በትሩን ጠርጎ ከጎኑ አኖረውና ሁለት ክንድ ሠርቶ ተነሳ።

በዚያ ጠዋት አንዲት ጎረቤት ድስት ጥዳ ሳለ ድምፁን ሰማች። አንዱ ጧ ከሌላው አይፈጥንም፤ አይዘገይም። ለአፍታ ያህል ሟቹ መስሏት ማማሰያዋን ይዛ ቀረች።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። እናቲቱ የተጣፈውን ጋቢዋን ለብሳ ሰው ፊት ተቀመጠች። ሰውም አላለፋትም፤ ጠላ እየተቀዳ፣ ቤቱ እውነት የሸማኔ ቤት ነው ወይ እየተባለ ተሾፈ። ሸማኔው ሰማ። ፊቱ ነደደ። በማግስቱ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ክንዱ ይበላው ነበር፤ ስድስት ክንድ አውርዶ አፋቸውን ሊያስይዝ ፈለገ። ሠራ። ልብሱ ከበትሩ ጋር ተካከለ። ክንዱ ግን መቆም አልፈለገም፤ መወርወሪያውን እንደያዘ ቀረ።

የአባቱ ባልንጀራ የነበረው ሸማኔ በዚያን ሰዓት በበሩ ሲያልፍ ቆም አለ። አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። እንደ ድሮው፣ «ፀሐይዋ ገና እዚያ ነች» አለ።

ሸማኔው መወርወሪያውን አስቀመጠ። «ነገም ይሄን እጅ እፈልገዋለሁ» አለ፤ ከጉድጓዱም ወጣ።

ሽማግሌው ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። አልሳቀም። ከዘራውን ተደግፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀን በቀን ሄደ። አንድ ቀን ወባ ተነሳበትና ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ወርዶ ተቀመጠ፤ አራት ጣት ያህል ሠርቶ ተመልሶ ተኛ። ሌላ የሚያወሩት ነገር አልነበረም። ማንም ስለ ሥራው አላወራም፤ እሱም አላወራም። ሙት ዓመቱ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጋቢው አለቀ።

ምላጩን ይዞ እናቱን ጠራት። ጭኗ ላይ ዘረጋላት። እጇ ከጫፉ ተነስቶ ሄደ። እኩሌታውን አለፈ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ዘግየት አለችና፣ «እዚህ ጋ አሞህ ነበር መሰለኝ» አለች። አዎ አላት። «ግን ወርደህ ተቀምጠሃል» አለች፤ እጇም ቀጠለ፤ ጫፉ ላይ ደረሰ። እዚያ ጥቂት ካረፈች በኋላ መዳፏን ወደ ኋላ መለሰችው። ፈለገች። ደግማ ፈለገች።

«አባትህ የቱ ጋ ነው ያቆመው?» አለች።

ሸማኔው ቦታውን ያውቀው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖም ያገኘዋል።

«እኔም ጠፋኝ፣ እማዬ» አላትና ድሩን ቆረጠ።

እትዬ የሺመቤት ወሬያቸውን እዚህ ላይ ጨረሱ። ጎመኑ አልቆ ነበር። ወደ አስካለ ዞሩና እንዲህ አሏት፦

«አየሽ ልጄ፣ አንቺ ሰነፍ አይደለሽም። ሦስት ቀን ዓይንሽ እስኪቀላ ያጠናሽው ያ ስድስት ክንድ ነው። አራተኛው ቀን ላይ እንቅልፍ ቢጥልሽ ምን ይገርማል? እሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ አምስተኛው ቀን ነው፤ አራት ጣት ሠርቶ መነሳት ሲቻል ተናዶ ሥራው ላይ ነጠላ መጣሉ። ሰው የሚለብሰው ልቡ የሞቀባቸውን ቀኖች ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ቀን ነው፤ የሚወደውም ሰው ዳስሶ ያውቀዋል። የተበላሸውን ደግሞ መፍታት ይቻላል፤ ቀስ ካልሽ ክሩ አይበጠስም። የቀደድሽው ወረቀት ግን ይቅር። እሱ ለስድስት ክንድ የተጻፈ ነው።

«ድስት ጥዳ የነበረችው ጎረቤት እኔ ነኝ። አሁን በዚህ ሰፈር ሸማኔ የለም። ጠዋት ስነቃ ግን ጆሮዬ ያን ድምፅ ይጠብቃል፤ ሳልሰማው እነሳና ቀኔን እጀምራለሁ። በይ ንገሪኝ፤ ዛሬ ስንት ገጽ ታነቢያለሽ?»

አስካለ ጣቷን እያፍተለተለች፣ «ሃያ» አለች።

እትዬ የሺመቤት ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት።

«አራት» አለች አስካለ፣ ቀስ ብላ።

«አራት ይሁን» አሉ። «አራቱን ስትጨርሺ፣ ፀሐይዋ ገና እዚያ ብትሆንም፣ ተነሺ።»