ዘር የተቆጠረበት ቀን

በእኛ አገር ሽማግሌ ቁም ነገር ይዞ ሳለ የሚመጣ እንግዳ፣ ሰላምታውን ዋጥ አድርጎ ደጃፍ ላይ ቆም ይላል። ነውር አይባልበትም። ለምን ቢሉት አንዲት ምሳሌ ይጠቅሳል፤ ምሳሌዋም እንዲሁ አልበቀለችም፣ ከአንዲት እናት ጭንቀት ተወለደች።

ይመኙሻል የምትባል ሴት ልጇን አንጓችን ስማቸው ለሚባል ጎረምሳ ልትድር የቀራት ዘር ማስቆጠር ብቻ ነበር። ልጆቹ ተዋደዋል። ነገር ግን እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ዘራቸው ከተገናኘ ወንድምና እህት ይባላሉ፤ ጋብቻው ይቀራል። ያንን ሁሉ ስም በቃላቸው የያዙት ደግሞ አባ ቢተው ብቻ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም እንደዚያው።

የልጅቱን ወገን ቆጥረው ጨረሱ። ወደ ልጁ ወገን ዞሩ።

«የስማቸው አባት በላቸው፣ የበላቸው አባት ወንድይራድ፣ የወንድይራድ አባት...»

ጎረቤት ገባ። ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ፤ «ኖር!» «በእግዜር!» አባ ቢተውም ጨዋ ናቸውና ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የት ደርሼ ነበር?»

«ወንድይራድ ላይ፣ አባ።»

«እህ፣ ወንድይራድ...» ሌላ ሰው ገባ። «ኖር!» ተነሡ። ሳይቀመጡ ጠላ ቀረበላቸው፤ «ይቅመሱ እንጂ አባ!» ቀመሱ። ይመኙሻል አፍ አፋቸውን ታያለች።

«የወንድይራድ አባት ደርሶ፤ የደርሶ አባት ገላው...»

ደርሶ ቅድም በልጅቱ ወገን የተቆጠረ ስም ነው።

«ተገናኙ!» አለ የልጁ አጎት ታፈረ። «በቃ፣ ዘመድ ናቸው። ቀረ።»

«አያ ታፈረ፣ ደርሶ የእኔ ቅድመ አያት ነው» አለች ይመኙሻል። «እናንተ ቤት ማን አስገባው?»

«አባ ቢተው አስገቡት። ከእሳቸው ልታውቂ ነው?»

ከጥግ አንዱ፣ «አርጅተዋል፤ ቆጠራው ለሌላ ይሰጥ» ብሎ አጉረመረመ። ሽማግሌው ሰሙት።

«እውነት ነው፣ ልጄ» አሉ። «ስሞቹ አልጠፉብኝም። ግን ድሮ ተነሥቼ ስመለስ ወንበሬ ባዶውን ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ተነሥቼ ስመለስ ሌላ ሰው ተቀምጦበት አገኛለሁ።»

«እንግዲያው አይነሡ!» አለች ይመኙሻል። «ከመጀመሪያው ይቁጠሩልኝ። ደጁን እኔ እጠብቃለሁ።»

ወጥታ በሩን ዘጋች፤ የግቢው መግቢያ ላይ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ጓንጉል አሽከሮቻቸውን አስከትለው በበቅሎ መጡ።

«ምነው ይመኙሻል፣ ጠርተሽኝ ትዘጊብኛለሽ?»

«ዘር እየተቆጠረ ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ሲገቡ እሳቸው ይነሣሉ፤ እሳቸው ሲነሡ ልጄ ትወድቃለች።»

«እኔን እንደ ውሻ ከደጅ?»

ይመኙሻል ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ ጫነችና ጎንበስ አለች። «በድያለሁ፣ ይማሩኝ። ግን አላስገባዎትም።»

ጭቃ ሹሙ ቁና ቁና ተነፈሱ። አሽከሮቻቸው መሬት መሬት አዩ። ኋላ ከበቅሎዋ ወረዱና ካቡ ላይ ተቀመጡ። ከውስጥ የአባ ቢተው ድምፅ ይሰማል፤ ስም ከስም ሳይደናቀፍ እንደ ምንጭ ውሃ ይወርዳል። ይመኙሻል ድንጋዩን እንደተሸከመች እያንዳንዱን ስም በፍርሃት አዳመጠች። በልጁ ወገን ደርሶ የሚል አልመጣም። ሰባተኛው ቤት ሲያልቅ የታፈረ ድምፅ በሩን አልፎ ወጣ፤ «አልተገናኙም! ልጆቹ ይጋቡ!»

እልልታው ቤቱን ሞላው። ይመኙሻል ድንጋዩን ጥላ እያለቀሰች በሩን ከፈተች፣ ጭቃ ሹሙንም እጅ ነሥታ አስገባች። ቤቱ ሁሉ ብድግ ሲል አያ ጓንጉል አባ ቢተውን ትከሻቸውን ይዘው መልሰው አስቀመጧቸው፤ ወደ ሰዉ ዞረውም እንዲህ አሉ፤ «ሽማግሌ ዘር ሲቆጥር፣ ከደጅ ይቆይ ኖር።»