የእህቷ ፊት

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ዞር ዞር እያላችሁ ጎረቤታችሁን ማየት ትጀምራላችሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ የውበት ሳሎን ሙሽሮችን ትኳኩል ነበር። ሥራዋም የሚናቅ አልነበረም።

ችግሯ ከጎኗ ያለው ወንበር ነው። እዚያ ትርሲት የምትባል ሴት ትሠራለች፤ ሙሽሮቹ ሁሉ የሚፈልጉትም እሷን ነው። የእኛዋ ሴትዮ ወንበር ባዶውን ቆሞ እያዩ፣ "ግድ የለም፣ ትርሲት እስክትጨርስ እንጠብቃለን" ይላሉ። እንጠብቃለን! ይህ ቃል የደረሰበት ሰው እንዴት እንደሚያንገበግብ ያውቀዋል።

ትርሲት ፋውንዴሽን ስትቀባ ቅባቱ ከቆዳው ጋር አንድ ይሆናል፤ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ሴትዮዋ በመስታወቱ በኩል አጮልቃ ታያታለች። ምሳ እየበላች ታስባታለች፣ ታክሲ ውስጥ ታስባታለች። "የምትደብቀን ነገር አላት" ትላለች። አያችሁ፣ ቅናት የሰው ትጋት አይታየውም፤ የሚታየው የተደበቀ ነገር ብቻ ነው።

ታዲያ ታናሽ እህቷ ቤዛዊት ልታገባ ሆነ። "እታለም፣ አትቀየሚኝና ትርሲት ብትሠራኝስ?" አለቻት።

የእናቷ ልጅ! ከሰው ሁሉ እሷም! ሴትዮዋ በግድ ፈገግ አለች። "እኔ እያለሁ ባዳ ፊትሽን ይነካል? ሰው ምን ይላል?" አለቻት። ቤዛዊትም እህቷን ላለማስቀየም እሺ አለች። ትርሲት እንደማንኛውም ሰው ለሠርጉ ተጠራች። የጠራቻት ማን መሰላችሁ? ራሷ ሴትዮዋ። መጥታ ታይላት ነዋ!

በዚያ ሰሞን ትርሲት አንዲት ሙሽራ ስትሠራ ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ትርሲት የሙሽራዋን ፊት በወፍራም ክሬም አራሰችው፣ ፋውንዴሽኑ ውስጥ ዘይት ጠብ አደረገች፣ በረጠበ ስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረገች አለበሰችው። ፓውደር አላስነካችውም። ልጅቷ ወለል ብላ አበራች። "ያዝኩሽ!" አለች ሴትዮዋ በልቧ።

በሠርጉ ቀን ያንኑ አደረገች። ክሬሙን፣ ዘይቱን፣ ስፖንጁን። አንድም አላጎደለችም። ስትጨርስ ቤዛዊት ታበራለች፤ እናታቸው እልል አሉ። ሴትዮዋ በመስኮት ትርሲትን ፈለገቻት። "አሁን ትምጣና ትያት" አለች።

ግን ምን ሆነ? የአዳማ ሙቀት፣ ቬሎው፣ ክፍሉን የሞላው ሰው። የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ሲሰማ ቤዛዊትን ላብ ላብ አላት። በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ቅባቱ ተንሸራተተ፣ አገጯ ላይ ተጠራቀመ። ሴትዮዋ ደንግጣ በላዩ ደረበችበት። ባሰ። አሁንም ደረበችበት። ጭራሽ ተዝረከረከ።

"እታለም፣ ምን ሆኛለሁ? እስቲ መስታወቱን" አለች ቤዛዊት። ሴትዮዋ መስታወቱን ከኋላዋ ደበቀችው።

ትርሲት በር ላይ ናት። ከሴቶቹ ጋር ሆና ሚዜዎቹን አናስገባም እያለች ታጨበጭባለች። ከክፍሉ እስከ በሩ ምን ያህል ይርቃል? ቅርብ ነው። የሴትዮዋ እግር ግን አልነሳ አለ። "ከጠራኋት አበቃልኝ። ዕድሜ ልኳን ትስቅብኛለች" አለች በልቧ። ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። እህቷ በሠርጓ ቀን ልትዋረድ ነው፤ እሷን የያዛት ግን የትርሲት ሳቅ ነው! ቅናት ሰውን እዚህ ድረስ ያደርሳል።

ይሄኔ የቤዛዊት ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ልጅ ሳለች ልታለቅስ ስትል እንደምታደርገው። ሴትዮዋ ይህን አልቻለችም። ሮጣ ወጥታ ትርሲትን ክንዷን ያዘቻት። "ድረሽልኝ፣ አበላሸኋት" አለቻት። አበላሸኋት የሚለውን ቃል ከአፏ ለማውጣት ምን ያህል እንዳማጠች እግዚአብሔር ያውቃል።

ትርሲት አልሳቀችም። ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ "ቶሎ እንዳታስገቧቸው! ሽቶውን ይርጩ፣ ይለምኑ፣ አቆዩልኝ!" ብላ ገባች። እጇን ታጠበች። ቬሎው ላይ ፎጣ አልብሳ የተቀባውን ሁሉ ጠረገችው። ከዚያ ጉንጯን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ "የኔ ቆንጆ፣ ጠዋት ከታጠብሽ በኋላ ፊትሽ ይወጥርሻል ወይስ ቀትር ሳይደርስ ይወዛል?" ብላ ጠየቀቻት።

"ይወዛል። ሁሌ ሶፍት ይዤ ነው የምዞረው" አለች ቤዛዊት።

"አይዞሽ፣ ወዛም ፊት ዘይት አይሻም" አለች ትርሲት። ቀና ሳትልም ለሴትዮዋ፣ "ያቺ ስሠራት ያየሻት ልጅ እኮ ቆዳዋ ደረቅ ነው" አለቻት። ለካስ ስታያት እንደነበር ትርሲት ታውቅ ኖሯል! ቀለል ያለውን ፋውንዴሽን ስስ አድርጋ ቀባቻት፤ ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ ፓውደሩን ጫን ጫን እያደረገች አኖረችው። በቃ። የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ መጠየቅ ነበር።

በሩ ሲከፈት ሚዜዎቹ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ያላላባት ሙሽራዋ ብቻ ነበረች።

ሴትዮዋ ጥግ ቆማ አለቀሰች። "አንድ አልጋ ላይ አድገናል። ያንን ሶፍት ስንት ዓመት አየሁት። የትርሲትን ጣቶች ግን ከእህቴ ፊት አብልጬ አውቃቸው ነበር" አለች።

እናንተስ? የጎረቤት ልጅ እንግሊዝኛ ሲያንበለብል ሰምታችሁ የራሳችሁ ልጅ ላይ ምን ደረባችሁበት? የሌላዋን ባል ጠባይ አይታችሁ የራሳችሁን ባል በስንት ዓይነት ዘይት አራሳችሁት? አልይዝ ሲል ደግሞ ደረባችሁበት፣ አይደል? የሰው እጅ ስታዩ ስንት ጊዜ መስታወቱን ደበቃችሁ!

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ፊት ለፊታችሁ የሚቀመጠውን ሰው እዩት። ምን እንደሚወጥረው፣ ምን እንደሚያቃጥለው ጠይቁት። የጎረቤታችሁን ስም ሳትጠሩ፣ እስኪመልስላችሁ ድረስ ዝም ብላችሁ ጠብቁት።