ዝም ሲሉ የሚዘጋ መስመር

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ኮምፒውተር የሰው ድምፅ ሰምቶ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ማድረግ ነው። ጎበዝ ነው፤ እሑድ እሑድ እንደ እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቃል የሚሰማ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ስትፈርዱበት ራሳችሁን እንዳትረሱ ብዬ ነው።

ይህ ሰው የሚሠራበት ድርጅት የጤና መስመር ሊከፍት ተዘጋጀ። ገጠር ያለ ሰው ይደውላል፤ ማን እንደታመመ፣ የት እንዳለ ይናገራል። ማሽኑ ሰምቶ ይጽፋል፤ የተጻፈው አምቡላንስ ለሚልኩት ነርሶች ይደርሳል። መልካም ሥራ አይደለም? መልካም ነው።

እንግዲህ እነዚህ የኮምፒውተር ሰዎች አንዱን ሥራ በሦስት ክፍል ነው የሚያኖሩት። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ይጠሩታል፤ የእኔ ምላስ እሺ ስለማይል በእኛው ልጥራቸው። አንደኛው መሥሪያ ክፍል ነው፤ እዚያ ይሠራሉ፣ ያፈርሳሉ። ሁለተኛው መለማመጃ ክፍል ነው፤ እዚያ ለአለቃና ለእንግዳ ያሳያሉ። ሦስተኛው እውነተኛው ክፍል ነው፤ እዚያ የሚደውለው የቸገረው ሰው ነው። ማሽኑ በሦስቱም አንድ ነው። የሚለያየው ለየክፍሉ የሚጻፍለት አንድ ገጽ ትእዛዝ ነው።

ከትእዛዞቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ተናጋሪው ዝም ሲል ስንት ሰከንድ ትጠብቃለህ? ማሽኑ ሰው ጨርሶ ዝም ያለውንና ቃል ጠፍቶት ዝም ያለውን አይለይም። ስለዚህ ልክ ይሰጠዋል። ልኩ ሲያልፍ፣ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» ብሎ ይዘጋል።

ሰውየው መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰከንድ ብሎ ጻፈ፤ የመለማመጃውም ገጽ ከዚያ ተገለበጠ። አስቦበት ነው። የታመመ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የደነገጠ ቃል ይጠፋዋል ብሎ ነው።

አንድ ዓርብ እንግዶች መጡ። ከመለማመጃው ክፍል ጋር በተገናኘ ስልክ አንዱ እንግዳ ተናገረና ጨረሰ። ማሽኑ እንደታዘዘው ጠበቀ። እንግዳ ፊት ስምንት ሰከንድ ረጅም ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርዓይ ሰዓታቸውን አዩና፣ «ተበላሸ እንዴ?» አሉ። ሰውየው አፈረ። ጎንበስ አለና የመለማመጃውን ገጽ ከፍቶ ስምንቱን አጥፍቶ አንድ ብሎ ጻፈ። እንግዳው ሁለተኛ ሞከረ፤ አፉን ሳይከድን ምስጋናው መጣለት። ቤቱ በጭብጨባ ሞላ።

አብራው የምትሠራው ሶስና ሲወጡ፣ «ያቺን ቁጥር መልሳት፤ ሰኞ ሥራው ወደ እውነተኛው ክፍል ይዛወራል» አለችው። «እመልሳታለሁ» አላት።

ሰኞ ረሳ እንዳትሉ። አልረሳም። ገጹን ከፈተ፤ ስምንት ይላል። ተመስገን ብሎ ዘጋው። የከፈተው ግን የመሥሪያ ክፍሉን ገጽ ነበር። ወደ እውነተኛው ክፍል የተገለበጠው የመለማመጃው ነው፤ እዚያ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው።

አሁን ሌላ ሰው ላስተዋውቃችሁ። አየነው ይባላል፤ ገበሬ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ተብታባ ነው። አንድ ጠዋት ባለቤቱ እናኑ ወለደች። ልጅቷ ደህና ናት፤ የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። «ቃሬዛ እናምጣና በሸክም እንውሰዳት» አሉ። አየነው በእጁ ቆዩ አላቸውና ደወለ።

«ባለቤቴ» አለ። ቀጣዩ ቃል ያዘው። «መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።»

ደግሞ ደወለ። ደግሞ ያዘው። ደግሞ ተመሰገነ። ሰባት ጊዜ ደወለ። በሰባተኛው፣ «ባለቤቴ ደም» እስከሚል ደረሰ። ለነርሶቹ ሰባት ቁርጥራጭ ጽሑፍ ደረሳቸው፤ የመንደር ስም የለ፣ የሰው ስም የለ፣ የደዋዩም ቁጥር ለእነርሱ አይታይም። ያልተሟላ ተብሎ ወደ ጎን ተቀመጠ።

ጎረቤቶቹ፣ «ምን አሉህ?» አሉት።

«ደ… ደርሶናል ብለዋል። ይመጣሉ» አለ።

አመኑት። እርሱም አምኗል። ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ጠበቁ። ቀትር ሳይሆን እናኑ ሞተች። በሸክም ወደ ጤና ጣቢያው የሚያስኬደው ሁለት ሰዓት ነበር፤ እነርሱ የጠበቁት አራት ሰዓት ነው።

ከሳምንት በኋላ ሰውየው ያልተሟሉትን ጥሪዎች ሲያዳምጥ ሰባቱን አገኘ። ማሽኑ ላይ በቀረው ስልክ ቁጥር የደዋዩን መንደር አገኘ፤ ከጤና ጣቢያውም አጠያይቆ የሆነውን ሰማ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ጉዳዩን ነገረኝ፤ መጨረሻ ላይ፣ «ፓስተር፣ እኔ አሁን…» ብሎ ዝም አለ።

እኔም፣ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው፤ እንጸልይ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አልጨረስኩም» አለ።

ወገኖቼ፣ አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ሰብኬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ዝም ብዬ ጠበቅኩት። ቆይቶ፣ «ወደ አየነው ቤት አብረውኝ እንዲሄዱ ልለምንዎ ነበር» አለ። ሄድን። አየነው ሕፃኗን ታቅፎ ስለ እናኑ ነገረን። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ይቅር አላለንም፤ እኛም ይቅር በለን ብለን አላጣደፍነውም።

እኛስ ራሳችንን የምንመረምረው የት ነው? እዚህ ነው። እሑድ ጠዋት፣ ለብሰን፣ ተቀምጠን። እዚህ ታጋሾች ነን። ሰባኪ አንድ ሰዓት ሲያስረዝምብን እንኳ አናቋርጠውም። ገጻችንን ገልጠን ስምንት የሚል እናያለን፤ ተመስገን ብለን እንወጣለን። የቤታችንን ገጽስ ማን ገልጦ አየው?

ሚስትህ፣ «ዛሬ ሐኪሙ…» ብላ ዝም ስትል ስንት ትጠብቃለህ? ልጅሽ በር ላይ ቆማ፣ «እማዬ» ብላ ስታመነታ ስንት ትጠብቂያለሽ? የሸመገለው አባታችሁ ነገር ጀምሮ ሲጠፋበት፣ «እሺ አባባ፣ ገባን» ብላችሁ አልተነሣችሁም? እኔ ስንቱን፣ «እንጸልይበታለን» ብዬ ሸኝቻለሁ። ቃሉ ቅዱስ ነው፤ እኔ ግን በር መዝጊያ አደረግኩት።

በጣም የሚከብደኝን ልንገራችሁ። አየነው ቃሬዛውን ያስቆመው ስላመነ ነው። መስመሩ ዝም ቢለው ኖሮ ይሸከማት ነበር። ከእናንተም ቤት፣ እንደተሰማ አምኖ ሌላ በር ሳያንኳኳ የተቀመጠ ሰው አለ። እናንተ ግን አልሰማችሁትም።

ዛሬ ሂዱና፣ «ያን ቀን አልሰማሁህም» በሉት። መናገር ቢያቅተው ጠብቁት። አሁን ደግሞ እባካችሁ አሜን አትበሉኝ። ተነሡና ሂዱ።