ንስሩ ክንፉን ያጠፈ ዕለት

በአንድ ወቅት፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያው ጀርባ፣ ጌም ቤት ከፍተው አብረው የሚሠሩ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታላቋ ትርሲት ጆይስቲክ የጨበጠችው ገና ፊደል ሳትለይ ነው፤ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግባትም አልለቀቀችውም። ምርጫዋ ግን አስቸጋሪ ነበር። በየደረሰችበት ቀስት እያሳየ «በዚህ ሂጂ» የሚላትን ጨዋታ አትወድም፤ እንደ ሕፃን እጄን ይዘው አይምሩኝ ትላለች። ወሬው ከጨዋታው ለሚበዛውም፣ የከፈለ ሁሉ ለሚያሸንፍበትም ፊት አትሰጥም። የምትወደው ሰው የሚጠፋበትን፣ መንገዱን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝበትን ነው።

ከሁሉም አንድ አሮጌ ጨዋታ ልቧን ወስዶት ነበር። አንድ መንገደኛ ደመና ላይ ወደተሠራ ከተማ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ በሩን የሚጠብቅ ንስር ይገጥመዋል። ንስሩ ክንፉን ሲዘረጋ ስክሪኑ በሙሉ ይጨልማል፤ ትርሲትም ወዲያው ትሸነፋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነበር። ተናዳ ጆይስቲክ ሰብራለች፤ ሁለተኛ አልነካውም ብላ ምላለች፤ ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ ከፊቱ ተቀምጣለች።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ለዓመታት ስትወድቅበት የኖረችውን የተሰበረ ድልድይ የምታልፍበት አዲስ መንገድ አገኘች። መንገደኛውም አንድም ቁስል ሳይነካው ንስሩ ፊት ደረሰ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ልክ ያኔ የማሽኑ ማራገቢያ ቆመ። ስክሪኑ ይርገበገብ ጀመር። ወንድሟ አስናቀ የማሽን ጠጋኝ ነውና ማሽኑ እየሠራ ሳለ ክዳኑን ፈታው። አንድ ሽቦ ተነቅሏል። ለመበየድ ደግሞ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ከጠፋ ሁሉም ነገር ከዜሮ ነው። አስናቀ ሽቦውን በጋለው የማሽኑ ብረት ላይ በጣቱ ተጭኖ ያዘው፤ ማራገቢያውም ዳግም ዞረ።

«አታቁሚ» አላት። ጣቱ ሲቃጠል ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር፤ እጁን ግን አላነሳም።

ንስሩ ክንፉን ዘረጋ። ትርሲት አንዴ ተመታች፤ ደግማ ተመታች። የመንገደኛው ነፍስ ልትወጣ ጥቂት ቀራት። ታናሿ ሐመልማል ጨዋታ የሚባል ነገር አትወድም፤ ዕድሜዋን በሙሉ ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ ደንበኛ ስታስተናግድ የዚህን ጨዋታ ዜማና ከበሮ ስትሰማ ኖራለች። አሁን ግን ዞረች።

«እታለም፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለች። «ከመምታቱ በፊት ከበሮው ዝም ይላል። ያኔ ዝለይ።»

ትርሲት ጨፈነች። ከበሮው ዝም አለ፤ ዘለለች። ደግሞ ዝም አለ፤ ደግማ ዘለለችና ሰይፏን ሰነዘረች። ከዚያ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

ዓይኗን ስትገልጥ ንስሩ ክንፉን አጥፎ አንገቱን ደፍቶላታል። በሩ ተከፈተ። ከበሩ ወዲያ ወርቅም ዙፋንም አልነበረም። ያቋረጠችው አገር በሙሉ ከእግሯ በታች ተዘርግቶ ያበራል፤ የሰጠመችባቸው ወንዞች፣ የጠፋችባቸው ጫካዎች፣ ሁሉም እንደ መዳፍ ትንሽ ሆነው ይታያሉ። ያን ሁሉ ዓመት ውስጡ ስትንከራተት እንዲህ ያምር እንደነበር አላወቀችም። አስናቀ የጣቱን ሕመም እንኳ ረሳው።

ሰማዩ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ በሩን የከፈተው ማን ነው? የሚጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው። ከእንግዲህ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው ያ ስም ይሆናል። የትርሲት ጣት ወደ ስሟ የመጀመሪያ ፊደል ሄደና እዚያው ቆመ።

አስናቀ እጁን ቢያነሳ ኖሮ በርም ንስርም እንደማይኖር ተናገረ። ሐመልማል ደግሞ እህቷ ዕድሜ ልኳን አይታ ያላወቀችውን የነገረቻት እሷ መሆኗን አስታወሰች።

«ዕድሜዬን በሙሉ የወደቅሁት እኔ ነኝ» አለች ትርሲት ቀስ ብላ። «እዚህ ያደረሰን መውደቄ ነው።»

ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ስክሪኑም ስም እየጠበቀ ነው። እናንተ ሰሚዎች፣ እስቲ ተከራከሩበት፦ እዚያ ሰማይ ላይ መጻፍ የሚገባው የማን ስም ነው?