ከአሸዋው ሥር ያለው ውሃ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ከአንድ ጉድጓድ በሚጠጡበት በዚያ ደግ ዘመን፣ በቆላ አገር አንድ ሰፊ ወንዝ ነበር። ክረምት ላይ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል፤ በጋ ሲገባ ግን አሸዋው ብቻ ይቀራል። ያም ሆኖ ውሃው ርቆ አይሄድም፤ ከአሸዋው ሥር ገብቶ ይተኛል።

ይህን መጀመሪያ ያወቀችው አህያ ናት። በኮቴዋ አሸዋውን እየጫረች ክንድ ያህል ትወርድና ውሃ ታወጣለች። ከእሷ አይተው አንበሳ፣ ጅብና ቀበሮም ቁፋሮ ተማሩ። አራቱም በየተራ አንድ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። የዕለቱ ቆፋሪ ሁልጊዜ መጨረሻ ይጠጣል። ደንቡ ለእሱ ታስቦ ነው፤ ውሃው በቁፋሮ ስለሚደፈርስ፣ ሌሎቹ ድፍርሱን ሲጠጡ የደከመው አረፍ ብሎ የጠራውን ያገኛል።

ውሃው አጠገብ ስለ ሥጋ ማሰብ ነውር ነበር። አህያ ከአንበሳ ጎን ቆማ ትጠጣለች። አንበሳው ጢሙን እየጠረገ የልጅነቱን ወሬ ያወራል። ጅቡ ቀልድ ቶሎ ስለማይገባው፣ ሌሎቹ ስቀው ከጨረሱ በኋላ ብቻውን ይስቃል። ያኔ በእሱ ሳቅ ሁሉም እንደ አዲስ ይስቃሉ። ያን ሳቅ ሳስበው እኔንም ሆድ ይብሰኛል።

አንድ ቀን ተራው የጅቡ ሆነ። ረፋዱን ሙሉ ሲቆፍር ቀበሮዋ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጣ ታየዋለች። ቁፋሮ አትወድም፤ የሚቀጥለው ተራ ደግሞ የእሷ ነው።

«አያ ጅቦ፣» አለችው፣ «ከአራታችን ትልቁ ጥም የማን ይመስልሃል?»

ጅቡ አሰበ። ማሰብ ስለሚያደክመው ይበልጥ ጠማው።

«የኔ ሳይሆን አይቀርም።»

«ሳይሆን አይቀርም ትላለህ እንዴ? የአህያ ጥም ጉሮሮህ ላይ ተሰምቶህ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«የአንበሳስ?»

«እሱም ተሰምቶኝ አያውቅም።»

«የራስህስ?»

«የኔማ ይኸው አሁንም እያቃጠለኝ ነው።»

«እንግዲያው እውነተኛው ጥም ያንተ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ወሬ ነው። ታዲያ ቆፍረህ ስታበቃ መጨረሻ የምትጠጣው በምን ጥፋትህ ነው?»

ጅቡ የጠራውን ውሃ ሲጠጣ የኖረው ለምን እንደሆነ እንኳ ረስቶት ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ የራሴን ጉድጓድ እቆፍራለሁ፤ ማንም ዝር እንዳይልብኝ» ብሎ ተነሣ።

ቀበሮዋ የፈለገችው ይህንኑ ነው። ሁሉም የየራሱን ከቆፈረ የእሷ ተራ ይቀራል፤ ጅቡ ደግሞ ቀን ቀን እንቅልፋም ስለሆነ ከእሱ ጉድጓድ ትጠጣለች።

አንበሳው ይህን ሲሰማ «ጅብ የግሉ ጉድጓድ ኖሮት ንጉሥ እንዴት በጋራ ይጠጣል?» ብሎ እሱም ፈንጠር ብሎ መቆፈር ጀመረ።

«ተዉ እባካችሁ፣ ይህ ነገር አያምርም፤ ከሥር ያለው ውሃ እኮ አንድ ነው» አለች አህያ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ልትጨምርበትም አስባ ነበር፤ ግን አንበሳው ፊቷ መቆሙን ስታይ ዋጠችው። የሚሰማት ስታጣ የድሮው ጉድጓድ አጠገብ ብቻዋን ቀረች። ጅቡ ከእሷ አንድ እርምጃ ያህል ብቻ ራቅ ብሎ ነበር የሚቆፍረው።

ከዚያ በኋላ ሰላም የለም። አንበሳው ጠለቅ አድርጎ ሲቆፍር የአህያ ውሃ ይወርዳል። አህያ ስትቆፍር የጅቡ ይደርቃል። ጅቡ ሲቆፍር አንበሳው ያገሳል። ሁሉም «ውሃዬን ሰረቁኝ» ይላል። ድሮ ጠዋት አንዴ ከጠጡ ቀኑን ሙሉ ይበቃቸው ነበር። አሁን ግን «ነገ ይጠማኝ ይሆን» እያሉ ስለሚፈሩ ጠጥተውም ይጠማቸዋል። ጀርባቸውን ተሰጣጥተው እያንዳንዳቸው ጉድጓዳቸውን ይጠብቃሉ።

አንበሳው አንድ ቀን የልጅነቱን ወሬ ለራሱ ጀመረ። «ከዚያስ?» የሚለው ስላልነበረ መሐል ላይ ጠፋበት። አህያ ደግሞ የጅብ ሳቅ ናፈቃት። ለዘመዶቿ ብትናገር ማን ያምናታል? ግን ናፍቋት ነበር፤ ጆሮዋን ወደዚያ ጣል አድርጋ ትጠብቀው ነበር።

የበጋው መጨረሻ ላይ ውሃው እጅግ ሸሸ። የአህያ ጉድጓድ ሁለት ቀን ሙሉ ደርቆ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ከሥሩ ጥቂት ውሃ አቆረ። አህያ እስኪጠራ ታገሠችና አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ያን ጊዜ ጅቡ ጮኸ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ሌሎቹን ለመቅደም የጉድጓዱን ግድግዳ ከሥር ሲቦረቡረው ከላይ ያለው አሸዋ ተንዶበት እስከ አንገቱ ዋጠው። በተንፈራገጠ ቁጥር ሌላ አሸዋ ይወርድበታል።

«ድረሱልኝ» ይላል፤ ድምፁ ግን እየቀጠነ ሄደ።

አህያ አየችው። ከላይ ቢቆፍሩለት አሸዋው የባሰ ይናድበታል። መውጫው አንድ ነው፤ በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለውን ግድግዳ ከእሷ በኩል በጎን ማፍረስ። እሱን ካፈረሰች ግን አሸዋው ያቺን ጥቂት ውሃዋን ይደፍናታል።

«ጠጪ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት ቀበሮዋ ከላይ ሆና። «አንድ ጅብ ቢቀንስ አንድ ጥም ቀነሰ ማለት ነው። ደግሞስ እሱን ቢያፍነው አንቺን ምን ነካሽ?»

አህያ ውሃውን አየች። ከንፈሯ ሊነካው ምንም አልቀረውም። ግን ሳትጠጣ አንገቷን ቀና አደረገች።

«እኔም እሱ ነው የገረመኝ፣ እመት ቀበሮ» አለች። «አሸዋው የተጫነው እሱን ነው። ታዲያ ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ምን ሆኜ ነው?»

ይህን ብላ ዞረችና ግድግዳውን በኋላ እግሯ ትደልቀው ጀመር። አሸዋው ተናደ፤ ውሃዋም ጠፋ። ድብደባውን ሰምቶ አንበሳው መጣ። ምንም ሳይጠይቅ ገብቶ በመዳፉ አሸዋውን ይዝቅ ጀመር። ቀበሮዋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ወርዳ በትናንሽ እጆቿ ከጅቡ አፍንጫ ላይ አሸዋ ትጠርግለት ጀመር። ለምን እንደወረደች ራሷም አላወቀችም።

ብዙ ደከሙ። በመጨረሻ አንበሳው የጅቡን ማጅራት በጥርሱ ይዞ ጎተተውና አወጣው። ግድግዳው ሁሉ ፈርሶ አንድ ትልቅ ጥልቅ ጉድጓድ ሆኖ ነበር። ሦስቱም በየፊናቸው ሲሻሙበት የነበረው ውሃ ከዚህም ከዚያም መጣና ከመሐል ገጠመ። አራቱም ዙሪያውን ቆሙ።

«እማማ አህይት፣» አለ ጅቡ እየሳለ፣ «ውሃሽን አጠፋሁብሽ።»

«የቱን ውሃዬን?» አለች። ጉድጓዱን ብታየው የእሷ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

«ጠምቶሽ አልነበረም እንዴ?»

«ሲያቃጥለኝ ነበር። አንተን ሳወጣ ጥሙ የት እንደሄደ እንጃ። የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ጥሎኝ ይሄድ ነበር?»

ጅቡ ነገሩ አልገባውም፤ ቢሆንም ሊያስብበት ሞከረ። በሕይወቱ ያን ያህል ጠምቶት አያውቅም፤ ውሃውም ከእግሩ ሥር ነበር።

«በይ እስቲ ቀድመሽ ጠጪ» አለ። «አንቺ ስትጠጪ የኔ ጉሮሮ ይርስ እንደሆነ ልይ።»

አህያ ጎንበስ ብላ ጠጣች። ጅቡ ዓይኑን ከአንገቷ ላይ አልነቀለም። እሷ በዋጠች ቁጥር እሱም ይውጣል። ጠጥታ ቀና ስትል ፊቱ ፈካ።

«ደረሰኝ» አለ።

ቀበሮዋ እንኳ አልሳቀችበትም።

ዛሬ በዚያ ወንዝ የሚያልፉ ሰዎች ትናንሽ ጉድጓዶች በየቦታው በእሾህ ታጥረው እንደሚታዩ ይነግሩኛል። እኔ ግን ያቺን አንዷን ትልቅ ጉድጓድና ዙሪያዋን ከበው የቆሙትን አራቱን ነው የማስባቸው፤ ይናፍቁኛልም።

ከዚህ የምንማረው ጥማችንና ችግራችን የየብቻችን የሚመስለን ከላይ ተለያይተን ስለቆምን እንጂ፣ ከሥር የሚያኖረን ሕይወት አንድ መሆኑን ነው።